ድህነት ልጅ አይመታም? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ለቤተሰቦች የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ በልጆች ላይ የሚደርሰውን ጥቃትና ቸልታ አይከላከልም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ክርክሩ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ድህነት ልጅ አይመታም፣ የሚመታው ሰው ነው። ከዚህ ተነሥተው ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። ድሃ ሆነው ልጆቻቸውን በፍቅር ኮትኩተው የሚያሳድጉ ሞልተዋል፤ የሚሰጠው ገንዘብ ለመጠጥ ይውላል፤ ቀነሰ የሚባለው የጥቆማ ብዛት እንጂ ጥቃቱ አይደለም፤ ገንዘብ ቢበዛ ቸልታን እንጂ ዱላን አይነካም፤ ወላጅን ማሠልጠን ይበልጣል፤ ወጪውም አይቻልም። ከስድስቱ በአንዳንዶቹ ውስጥ እውነት አለ፤ ስንደርስበት እንቀበለዋለን። ድምዳሜያቸው ግን ተቀባይነት ካገኘ ጉዳቱ ቀድሞ የሚያርፈው ገና አፍ ባልፈቱ ልጆች ላይ ስለሆነ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

«ድሃ ሁሉ ልጁን አይበድልም»

እውነት ነው፣ አይበድልም። ሀብታም ቤትም ልጅ ይደበደባል። አሉታዊ የልጅነት ገጠመኞች፣ ማለትም በልጅነት የሚደርስ ጥቃት፣ ቸልታና የቤት ውስጥ ችግር፣ የሚለውን ስያሜ ዓለም የለመደው ፌሊቲና አንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 ካሳተሙት ጥናት ነው፤ የተጠየቁትም በሳንዲያጎ የካይዘር ፐርማነንቴ የጤና መድን ያላቸው፣ አብዛኞቹ የተማሩና መካከለኛ ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱም መካከል አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት ክፉ ገጠመኝ ያሳለፉት ሰዎች፣ ምንም ካላሳለፉት ጋር ሲነጻጸሩ ለአልኮል ሱስ፣ ለዕፅ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የነበራቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ነበር። ስለዚህ ችግሩ የድሆች ብቻ ነው ያለ ባለሙያ የለም።

ጸሐፊው ግን ሁለት ጥያቄዎችን አቀላቅለዋል። የትኛው ወላጅ ነው በዳይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ያው ወላጅ ገቢው ሲለወጥ ልጁን እንዴት ይይዛል የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ፖሊሲ መልስ የሚሰጠው ለሁለተኛው ነው፤ ለእሱም የተሻለው ማስረጃ የሚገኘው ገንዘብ ማንም ሳያመለክት፣ ማንም በጠባዩ ሳይመረጥ ወደ ቤት ከገባባቸው ቦታዎች ነው።

አንዱ እንዲህ ያለ ቦታ የአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ተራራማ አካባቢ ነው። ጄን ኮስቴሎና ባልደረቦቻቸው ከ1993 ጀምሮ 1,420 ልጆችን በየዓመቱ ይከታተሉ ነበር፤ ሩብ ያህሉ ቼሮኪ የተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ልጆች ናቸው። በ1996 በቼሮኪዎች ይዞታ ላይ ካሲኖ (የቁማር ቤት) ተከፈተና ከትርፉ ለእያንዳንዱ የሕዝቡ አባል በየ6 ወሩ ድርሻ ይከፈል ጀመር። በ2003 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ክፍያው ከድህነት ባወጣቸው ቤተሰቦች ውስጥ የልጆቹ የጠባይ ችግር፣ ማለትም ጠበኛነትና እምቢተኝነት፣ ቀድሞም ድሃ ካልነበሩት ልጆች ጋር እኩል እስኪሆን ወረደ። ጭንቀትና ድብርት ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ተመራማሪዎቹ ለውጡ በምን በኩል እንደመጣ ሲፈትሹ ያገኙት ወላጆች ልጆቻቸውን ለመከታተል ጊዜ ማግኘታቸውን ነው። እናትና አባቱ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ገቢያቸው ነው።

ከገቢ እስከ ልጅ አያያዝ የሚደርሰው ሰንሰለት ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። በ1980ዎቹ በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ውስጥ ገበሬዎች በዕዳ በተያዙ ጊዜ ራንድ ኮንገርና ባልደረቦቻቸው ያጠኗቸው ቤተሰቦች እናትም አባትም ያሉባቸው፣ ለሥራ የታተሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ገቢ ሲጠብ የሚከፈለውና የሚቀረው ሂሳብ በየቀኑ ጭቅጭቅ ይሆናል፤ ጭቅጭቁ ወላጆቹን ያስከፋል፣ ባልና ሚስትን ያጋጫል፤ ከዚያ በኋላ በልጁ ላይ የሚወጣው ቃልና እጅ ይከብዳል። ሆደ ሰፊ የሚባል ወላጅም ቢሆን ትዕግሥቱ የሚያልቅበት ሳምንት አለው። የኢኮኖሚ ፖሊሲ የሚሠራው እነዚያን ሳምንታት በማሳነስ ነው።

«ገንዘቡ ለመጠጥ ይውላል»

ይህ ከሁሉም ይልቅ በብዛት የተፈተሸ አባባል ነው። ኢቫንስና ፖፖቫ ለዓለም ባንክ በ2014 ባቀረቡት ግምገማ ከላቲን አሜሪካ፣ ከአፍሪካና ከእስያ የተሰበሰቡ 19 ጥናቶችን መርምረዋል። በአብዛኞቹ የገንዘብ ድጎማ ለመጠጥና ለትምባሆ የሚወጣውን ወጪ ወይ አልለወጠውም ወይ ቀንሶታል። በአሜሪካ አራት አካባቢዎች ከ2018 ጀምሮ 1,000 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አዲስ እናቶች በዕጣ ተከፍለው አንደኛው ቡድን በወር 333 ዶላር፣ ሌላው 20 ዶላር ሲሰጠው፣ ብዙ ያገኙት ለመጠጥና ለሲጋራ ያወጡት ከሌሎቹ አልበለጠም፤ ለልጅ ዕቃ ያወጡት ግን በልጧል።

ሆኖም ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ ቢጠቅሱት ግን የሚያግዛቸው ማስረጃ አለ። የአሜሪካዋ ግዛት አላስካ ከ1982 ጀምሮ ከነዳጅ ሀብቷ ትርፍ ለነዋሪው ሁሉ በዓመት አንዴ ትከፍላለች። በግዛቲቱ ከተማ በአንኮሬጅ የፖሊስ መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናት ክፍያው በገባ ማግስት ከመጠጥና ከዕፅ ጋር የተያያዙ ክስተቶች በ14 በመቶ፣ በቀጣዮቹ አራት ሳምንታት በ10 በመቶ መጨመራቸውን አሳይቷል፤ የንብረት ወንጀል ደግሞ በ8 በመቶ ቀንሷል። ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን በዚያው አላስካ፣ በዚያው ክፍያ ላይ ቡሊንገር፣ ፓካምና ሬይሲያን የሠሩት ጥናት ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ቤተሰቡ የገባ ተጨማሪ 1,000 ዶላር፣ ልጁ 3 ዓመት እስኪሞላው ለሕፃናት ጥበቃ ተቋም የመጠቆም ዕድሉን በ10 በመቶ ገደማ እንደቀነሰው አገኘ።

ሁለቱ ውጤቶች አይጣሉም። የመጀመሪያው ስለ ከተማው ሰው ሁሉ፣ ሁለተኛው አራስ ስላለበት ቤት ነው። ከሁለቱ የሚወጣው ትምህርት ስለ አከፋፈሉ ነው፦ ለኪራይ፣ ለምግብና ለዳይፐር የሚሆነው ገንዘብ በየወሩ ቢከፈል፣ በዓመት አንዴ የሚከፈል ካለም ውዝፍ ኪራይ ወይም ከፍተኛ ወለድ ያለው ዕዳ መዝጊያ እንዲሆን ቢታሰብ ይሻላል። ክፍያው የሚገባበት ቀን ደግሞ የቤት ኪራይ ከሚከፈልበት ቀን ቢቀድም። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከኪራዩ አሥር ቀን ዘግይቶ የሚመጣ ድጎማ ግን ከአከራይ ጋር የሚደረገውን ጠብ አላስቀረም።

«የቀነሰው ጥቆማው እንጂ ጥቃቱ አይደለም»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥቆማ የሚመጣው ልጁን የሚያይ ሰው ሲኖር ነው። መምህር፣ ሐኪም ወይም ጎረቤት ካላየው መዝገብ ላይ አይወጣም። ስለዚህ በጥቆማ ብዛት ብቻ የቆመ ጥናት በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ጥቆማን የማይጠብቅ መለኪያ ግን አለ፤ ሕፃን ተንጦ ወይም ተመትቶ በጭንቅላቱ ላይ የሚደርስበት ጉዳት። እንዲህ ያለ ሕፃን ሆስፒታል ይገባል፤ የሚመዘግበውም ሐኪም ነው።

ካሊፎርኒያ በ2004 ለአዲስ ወላጆች የ6 ሳምንት ፈቃድ ከደመወዛቸው እስከ 55 በመቶ ከሚደርስ ክፍያ ጋር መስጠት ጀመረች። ክሌቨንስና ባልደረቦቻቸው ይህ ሕግ ከሌላቸው ሰባት ግዛቶች ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት በዚህ ጉዳት ሆስፒታል የሚገቡት በካሊፎርኒያ ቀንሰው ተገኙ። ምክንያቱን ለመረዳት የሕፃን ለቅሶን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ለቅሶው ከተወለደ በኋላ እየጨመረ ሄዶ በሁለተኛው ወር ገደማ ጣራ ይነካል፤ ይህ ጉዳት የሚበዛበት ዕድሜም ያንኑ ይከተላል። በዚያ ሰሞን ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ ጠዋት ሥራ መግባት የሌለባት እናት፣ ወይም ሕፃኑን ተቀብሎ እሷን የሚያሳርፍ አባት መኖሩ ለውጥ ያመጣል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ለዝቅተኛ ደመወዝተኞች የሚሰጠውን የግብር ቅናሽም መርምረዋል። ጉዳቱ የቀነሰው ቅናሹ ተመላሽ በሆነባቸው ግዛቶች ነው፤ ይኸውም ግብሩ ከቅናሹ ያነሰበት ሠራተኛ ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ የሚቀበልባቸው። ቅናሹ ተመላሽ ባልሆነባቸው ግዛቶች ይህ አልታየም፤ ግብር የማይደርስበት ድሃ እዚያ የሚያገኘው ነገር የለምና። ሕጉ ላይ የአንድ ቃል ልዩነት ነው፣ «ተመላሽ» የሚለው።

በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት የተደረገ ሙከራ ደግሞ ሌላውን ጥርጣሬ ይመልሳል። በመንግሥት ድጎማ ለሚኖሩ እናቶች የልጁ አባት የሚከፍለውን ቀለብ መንግሥት ለራሱ ያስቀር ነበር። ከ1997 ጀምሮ እናቶቹ በዕጣ ተለይተው አንደኛው ቡድን ቀለቡን ሙሉ በሙሉ፣ ሌላው ከፊሉን ብቻ እንዲቀበል ተደረገ። ካንሲያን፣ ያንግና ስላክ በ2013 እንደዘገቡት ሙሉውን በተቀበሉት ቤቶች ለምርመራ ተቀባይነት ያገኘ ጥቆማ የመኖሩ ዕድል በ10 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች በአንድ ሥርዓት ውስጥ ናቸው፤ የሚያዩአቸው ሠራተኞችም አንድ ዓይነት ናቸው። የገንዘቡ ልዩነት ደግሞ ትንሽ ነበር። አባት የከፈለውን ለልጁ ማድረስ ለፖለቲከኛ ከሚቀርቡት አማራጮች ሁሉ ለመቃወም የሚከብድ ነው ብለን እናምናለን፤ እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ አለመደረጉ ያሳዝናል።

አንድ ነገር እንጨምር። የጤና መድን ሲስፋፋ ልጅና ወላጅ ሐኪም ፊት የሚቀርቡበት ጊዜ ይበዛል፤ በጸሐፊው አመክንዮ ጥቆማ መጨመር ነበረበት። ሆኖም በአሜሪካ ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሆነውን የሕክምና ሽፋን ባሰፉት ግዛቶች፣ በ2019 በታተመ ጥናት መሠረት፣ ከ6 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሚመዘገብ ቸልታ ካላሰፉት ጋር ሲነጻጸር ከ100,000 ልጆች በ422 ቀንሷል።

«ገንዘብ ቸልታን እንጂ ዱላን አይነካም»

ከላይ ያለው የሕክምና ሽፋን ጥናት በአካላዊ ጥቃት ላይ ለውጥ አላገኘም፤ ይህን ጸሐፊው ቢይዙት ትክክል ናቸው። ገንዘብ ቸልታን የሚቀንሰው ዱላን ከሚቀንሰው በላይ መሆኑ ከብዙ ጥናቶች ይታያል። «ቸልታን ብቻ» የምትለዋ ቃል ግን ልክ አይደለችም። በአሜሪካ በየዓመቱ ከሚረጋገጡት የተበደሉ ልጆች ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆኑት በቸልታ የተጎዱ ናቸው። ቸልታ ልጅ ይገድላል። የሌሊት ተረኛ ሆና የምትሠራ እናት የሚጠብቅ ሰው አጥታ የቆለፈችበት የሦስት ዓመት ልጅ፣ መድኃኒቱ አልቆ ያልተገዛለት የአስም በሽተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሂሳብ ስላልተከፈለ በሻማ የሚያድር ቤት፤ እነዚህ የቸልታ መዝገቦች ናቸው። ሬይሲያንና ቡሊንገር በ2017 ባሳተሙት ሥራ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ በ1 ዶላር ሲጨምር የቸልታ ጥቆማ በ9.6 በመቶ ቀንሷል፤ በተለይም 12 ዓመትና ከዚያ በታች በሆኑት ላይ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያስቡት የነኩት ከባድ ጉዳይ አለ። ከእነዚህ መዝገቦች ብዙዎቹ የድህነት መዝገቦች ናቸው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በአንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ የጎደለው ነገር ዛሬ ቢሟላ ልጁ ደኅና ይሆናል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ የሚያስፈልገው ምርመራ ሳይሆን ዕቃው ነው። ስለዚህ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ያለ ረጅም ፈቃድ፣ በዚያው ሳምንት ሊያወጣው የሚችል ገንዘብ በእጁ መኖር አለበት፤ ለማቀዝቀዣ ጥገና፣ ለአልጋ፣ ለአንድ ወር ውዝፍ ኪራይ። ይህ በሌለበት በሠራተኛው እጅ ያለው መሣሪያ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ልጁን ከቤቱ ማውጣት። ከወላጅ መነጠል ደግሞ ራሱ ልጅን የሚያቆስል ገጠመኝ ነው።

ዱላን በተመለከተም ማስረጃው ባዶ አይደለም። የሕፃናት የጭንቅላት ጉዳት ዱላ ካልሆነ ምን ይባላል? ከ2007 መጨረሻ በጀመረው የአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት፣ በ74 ወረዳዎች በተሰበሰበ መረጃ፣ ይህ ጉዳት ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100,000 ልጆች ከ8.9 ወደ 14.7 ወጥቶ ነበር። ከየወረዳው የሥራ አጥነት መጠን ጋር ግን ተዛምዶ አልታየም፤ ስለዚህ መንገዱ በሥራ ማጣት ብቻ የሚያልፍ አይመስልም። በ2021 ለስድስት ወራት በየወሩ ለአንድ ልጅ 250 ወይም 300 ዶላር በተከፈለ ጊዜም፣ አትላንታ ላይ የተሠራ ጥናት ክፍያው በገባ በአራት ቀናት ውስጥ በጥቃትና በቸልታ ምክንያት ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ልጆች ቀንሰው አግኝቷል።

«ሥልጠና ከገንዘብ ይበልጣል»

ሥልጠና ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ከሌሎች ተቋማት ጋር ያወጣው በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል የተዘጋጀው ኢንስፓየር የተባለው መመሪያ ከሰባቱ ስልቶች አንዱን ለወላጆች ድጋፍ፣ ሌላውን ለገቢ ማጠናከር ነው የሰጠው፤ አንዱን መርጠህ ሌላውን ተው አላለም። በባንግላዴሽ በዕጣ በተሠራ ሙከራ ገንዘብ ወይም ምግብ ከሥልጠና ጋር ያገኙ እናቶች፣ ፕሮግራሙ ካበቃ ከ6 እስከ 10 ወር በኋላ ከባሎቻቸው የሚደርስባቸው አካላዊ ጥቃት በ26 በመቶ ያነሰ ነበር። ያለ ሥልጠና ድጎማውን ብቻ ባገኙት ዘንድ ይህ ለውጥ አልዘለቀም። እናት ስትደበደብ ማየት በልጅነት ክፉ ገጠመኞች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነውና ነጥቡ ለልጁም ነው። እዚህ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው።

ሌላኛው ግማሽ ግን ቀርቷል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ ማክሰኞ ከሰዓት የሚሰጥ የ12 ሳምንት ሥልጠና አይጨርስም። የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ልጅ የሚይዝ ሰውና ከሥራ የማያስቀር ሰዓት ካልተዘጋጀ ተሳታፊው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መንጠባጠብ ይጀምራል፤ የሚያቋርጡትም ይበልጥ የተቸገሩት ናቸው። ክሌቨንስና ባልደረቦቻቸው በ2015 አሥራ አንድ ፖሊሲዎችን ሲፈትሹ ከበደል መቀነስ ጋር የተያያዙት ሁለቱ ነበሩ፦ በድጎማ የሚገኝ የሕፃናት ማቆያ ያለ ወረፋ መገኘቱና የልጆች የጤና ሽፋን ሳይቋረጥ መቀጠሉ። የሁለቱም ቁም ነገር አለመቋረጥ ነው።

ቀደም ብለን የጠቀስነው የ333 ዶላሩ ሙከራም ልጆቹ 4 ዓመት ሲሞላቸው በቋንቋና በሌሎች የዕድገት መለኪያዎች ልዩነት አላሳየም፤ ጸሐፊው ይህን እንደ መደምደሚያ ያቀርቡታል። ውጤቱን እንቀበላለን። የልጅን የአእምሮ ዕድገት መለካትና ልጅ እንዳይጎዳ መከላከል ግን አንድ ነገር አይደሉም።

«ወጪው አይቻልም»

ፒተርሰንና ባልደረቦቻቸው በ2018 ባወጡት ስሌት በአሜሪካ በሕይወት የተረፈ አንድ የተበደለ ልጅ በዕድሜ ዘመኑ የሚያስከትለው ሸክም በ2015 ዋጋ 830,928 ዶላር ነው፤ በአንድ ዓመት የተረጋገጡት ጉዳዮች ሲደመሩ 428 ቢሊዮን። ይህ ወጪ የማይታየው ተበታትኖ ስለሚከፈል ነው፤ ጥቂቱ በሆስፒታል፣ ጥቂቱ በፍርድ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በወህኒ ቤት፣ በጎደለ ምርታማነት። ድጎማው ግን በበጀት ሰነዱ ላይ በአንድ መስመር፣ በአንድ ትልቅ ቁጥር ይጻፋል፤ ስለዚህ ሲቆረጥ ቁጠባ ይመስላል። አሜሪካ የልጆች የግብር ቅናሿን በ2021 ስታሰፋ ተጨማሪ መለኪያ በሚባለው የድህነት ስሌት የልጆች ድህነት 5.2 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ሲቋረጥ በ2022 ወደ 12.4 በመቶ ተመለሰ።

ጸሐፊው ቢተቹት የሚያምርባቸው

ድጋፎች የሚከሽፉባቸው ቦታዎች አሉ፤ ጽሑፉ አንዱንም አላነሳም። የመጀመሪያው ገደሉ ነው፤ ገቢ ትንሽ ከፍ ሲል ድጎማው በአንዴ የሚቋረጥበት። አንዲት እናት በወር 60 ዶላር የደመወዝ ጭማሪ አገኘች እንበል፤ በዚያው ምክንያት 400 ዶላር የሚያወጣ የማቆያ ድጎማ ካጣች ጭማሪው ቅጣት ሆነባት። መፍትሔው ገቢ ሲያድግ ድጎማውን በአንዴ መቁረጥ ሳይሆን ቀስ እያሉ መቀነስ፣ በዓመት ውስጥም ብቁነትን ደጋግሞ አለመመርመር ነው። ሁለተኛው ሰነድ ነው፦ መታወቂያ ወይም ቋሚ አድራሻ የሌለው ቤተሰብ፣ ማለትም ከሁሉ በላይ የተቸገረው፣ ከበር ይመለሳል። ሦስተኛው የዋጋ ንረት ነው፤ መጠኑ በየዓመቱ ካልተስተካከለ ድጎማው በወረቀት ላይ እንዳለ ሆኖ ኪራዩን መክፈል ያቅተዋል።

አራተኛውና እጅግ የከፋው ቅጣት ነው። ጊንተርና ጆንሰን ሞቶያማ ከ2004 እስከ 2016 ባለው መረጃ እንዳሳዩት፣ የድሃ ቤተሰቦችን የገንዘብ ድጎማ በጊዜ ገደብና በቅጣት ያጠበቡ የአሜሪካ ግዛቶች የቸልታ ጉዳዮችና ከቤት የሚወጡ ልጆች ሲበዙባቸው ታይቷል። እናት ቀጠሮ ስላሳለፈች የቤቱ ሁሉ ድጎማ ሲቆረጥ የሚራበው ቀጠሮ ያልነበረው ልጅ ነው። ቅጣት የግድ ካለ በደብዳቤ ብቻ ሳይሆን በስልክ ወይም በአካል አስቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ ያልመጣችበትን ምክንያት መጠየቅ፣ የልጆቹን ድርሻም ከቅጣቱ ውጭ አድርጎ በተለመደው ቀን መክፈል ያስፈልጋል።